ገመናን መጠበቅ እና ልጅን ዝም ማሰኘት

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸውን ልጆች በዙሪያቸው ያሉ ሰዎች እንዴት ይያዟቸው የሚል ነው። ስለዚህ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። የጸሐፊዎቹን ማንነት ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችን ለውጠናል፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ከእኛ ጋር ይኖር የነበረ የባለቤቴ ዘመድ ጥቃት አድርሶባታል። ከአራት ወር በፊት ራሷ ነገረችኝና ሐኪም ቤት ወሰድኋት፤ ሰውየው ታስሮ ጉዳዩ በዐቃቤ ሕግ እጅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደኅና ነበረች፤ እንዲያውም እኔ ሳለቅስ የምታባብለኝ እርሷ ነበረች። አሁን ግን ሌሊት ሽንቷ ያመልጣታል፣ ትቃዣለች፣ ከጓዳ ሳሎን ስል እንኳ እግር በእግር ትከተለኛለች፣ ታናሽ ወንድሟን ትመታዋለች፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ትላለች። ቤት የመጣ ሁሉ «ነገሩን አታንሺባት፣ ልጅ ነች ትረሳዋለች» ይለኛል። የባለቤቴ ወገኖች ሽማግሌ ልከው ጉዳዩ በእርቅ ይለቅ ይላሉ። ጠበል ውሰጃት የሚሉኝም አሉ። እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ እርዳታ መጠየቅ ልመና ስለሚመስለኝ ግን ለማንም አልተናገርሁም። (አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ይህን ነገር ለመናገር ከሰው ሁሉ የመረጠችው እርስዎን ነው፤ እርስዎም አምነዋት በዚያው ሐኪም ዘንድ ወስደዋታል። ጥቃት የደረሰበት ልጅ ከጉዳቱ እንዲያገግም ከሚረዱት ነገሮች ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ የሚሰጠው፣ መጀመሪያ የሰማው ሰው ማመኑና ከጎኑ መቆሙ ነው። ይህን በትክክል አድርገዋል፤ ቀሪውን የምነግርዎ በዚህ መሠረት ላይ ቆሜ ነው።

አሁን የሚያዩት ለውጥ ልጅቱ ስለ ባሰባት የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብለው ይፈሩ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ልጅ አደጋው በአጠገቡ እያለ ስሜቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ከነገረ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ቤቱ ይፈርስ እንደሆነ፣ እናቱ ትታመም እንደሆነ እየጠበቀ ራሱን ገትሮ ይቆያል። ልጅዎ እርስዎን ስታባብል የነበረው ለዚህ ነው። ሰውየው እንደማይመለስ፣ እርስዎም እንዳልተለወጡባት ስታረጋግጥ ግን የታፈነው መውጣት ይጀምራል። ሽንት ማምለጡ፣ ቅዠቱ፣ ከእርስዎ አለመለየቷ፣ ቁጣዋም ጭምር ሰውነቷ እስካሁን «አደጋ አለ» እያለ የሚያሰማው ደወል ነው፤ የጠባይ ብልሽት አይደለም። ስለዚህ በሽንቱ አትቆጧት፣ በወንድሟ ፊትም አታንሡባት፤ ከመኝታ በፊት መጸዳጃ ቤት መውሰድ፣ መብራት መተው፣ አንሶላውን በዝምታ መቀየር ይበቃል። ወንድሟን ስትመታ ግን ዝም አትበሉ። «መናደድሽ ይገባኛል፤ መምታት ግን አይፈቀድም» በሏት። በአዘኔታ ሁሉን መፍቀድ ልጅን አያረጋጋም፤ ከጥቃቱ በፊት የነበረው የምሳ ሰዓት፣ የጥናት ሰዓትና የቤት ሥርዓት ሳይፈርስ ሲቀጥል ዓለም እንዳልተገለበጠ የሚነግራት እርሱ ነው። ታናሽ ወንድሟም ምን እንደ ሆነ ሳይነገረው የቤቱ ሰው ሁሉ እንደ ተጨነቀ ያያልና ለእርሱ ብቻ የሚሆን ጥቂት ሰዓት ይስጡት።

«አታንሺባት፣ ትረሳዋለች» ስለሚባለው ጉዳይ ረዘም አድርጌ ልጻፍልዎ፤ በደብዳቤዎቹ ሁሉ ውስጥ ያየሁት ትልቁ ስሕተት ይህ ነውና። የእኛ ሰው ገመናውን መጠበቅ ያውቃል፤ ይህም መልካም ነገር ነው። ልጅዎ የደረሰባት ነገር ለጎረቤት፣ ለዕድር፣ ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ እናቶች ሊነገር አይገባም፤ የእርሷ ምስጢር ነውና ማን እንዲያውቅ እንደምትፈልግ እርሷ ራሷ መጠየቅ አለባት። ችግሩ የሚመጣው ገመናውን ከውጭ ሰው የምንጠብቅበትን ዝምታ ወደ ቤት ውስጥ አስገብተን በልጅቱና በእኛ መካከል ስናስቀምጠው ነው። እርሷ ወደ ክፍሉ ስትገባ ወሬ ከተቋረጠ፣ የሰውየው ስም ሲነሣ እናት ፊቷን ካዞረች፣ ልጅቱ «እናቴ እኔን ልትጠብቀኝ ብላ ነው» ብላ አትረዳውም። የምትረዳው «የሠራሁት ነገር የሚያሳፍር ነው» ብላ ነው። ገመናን መጠበቅና ልጅን ዝም ማሰኘት ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ለልጁ ግን አንደኛው ጥላ ሲሆን ሁለተኛው እስር ቤት ነው።

ታዲያ ምን ይበሏት? አይጎትጉቷት፤ እንድትናገር ቀጠሮ አይስጡ፤ ዝርዝሩን ደግማ እንድትነግርዎ አይጠይቁ። ዝርዝሩን መጠየቅ የመርማሪውና የባለሙያው ሥራ ነው። በአንጻሩ፣ ራሷ ባነሣችው ጊዜ እጅዎ ላይ ያለውን ሥራ ያስቀምጡና ይስሟት፤ «እኔ አምንሻለሁ፤ ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ የነገርሽኝ ደግ አደረግሽ» ይበሏት። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በወራት ውስጥ ደጋግመው ይበሏት። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» የሚለው ጥያቄ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ለልጅ ጆሮ ክስ ነው። ልጆች የሚዘገዩት ተዝቶባቸው፣ ከረሜላና ሳንቲም ተሰጥቷቸው፣ ወይም ሰውየውን ይወዱት ስለ ነበር፣ ወይም አባቴ ከዘመዱ ጋር ይጣላል ብለው ስለሚፈሩ ነው። «ሃያ ዓመት ይፈረድበታል» እንደሚል ያለ በእጅዎ ያልሆነ ተስፋም አይስጧት፤ ባይሳካ እርስዎን የምታምንበትን ነገር ይወስድባታል።

ስለ ሽማግሌዎቹ። ሽምግልና በድንበርና በብድር፣ በባልና ሚስት ጠብ ብዙ ቤት ያቀና ሥርዓት ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ግን ተበዳይዋ ከሽማግሌዎቹ ፊት አልተቀመጠችም፤ ካሣው የሚሰጠው ለቤተሰቡ ነው፤ ይቅር የሚለውም ቤተሰቡ ነው፤ በፋሲካ ማዕድ ላይ ሰውየውን ፊት ለፊት የምታየው ግን እርሷ ናት። ሕጉም መንገድ አይከፍትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 627 ዕድሜዋ 13 ዓመት ባልሞላ ልጅ ላይ የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ ድፍረት ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ክሱም በቤተሰቡ አቤቱታ ላይ ብቻ የቆመ ስላልሆነ ቤተሰቡ ታረቀ ተብሎ አይቀርም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አጥቂው ተጠቂዋን ካገባ ክስ እንዲቀር ያደርግ እንደ ነበር፣ አዲሱ ሕግም ያንን ድንጋጌ እንደ ሻረ ያስታውሱ። ሽማግሌዎቹን ጠላት አያድርጓቸው። «በሕግ የተያዘ ነው፤ እርስዎ ሊረዱን ከፈለጉ የባለቤቴን ወገኖች ልጅቱን እንዳይወቅሷት ይንገሩልን» ይበሏቸው፤ ይህ ሽማግሌ በእውነት ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

ጠበልን በተመለከተ፣ እምነትዎና የልጅዎ ፈቃድ ከሆነ አብራችኋት ሂዱ፤ ጸሎት ያጽናናል። የምለምንዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ክፉ መንፈስ አድሮባታል እንዳይባል፣ በእርሷ ላይ የደረሰ በደል በእርሷ ውስጥ ያለ ርኩሰት ሆኖ እንዳይነገራት ይጠብቋት፤ ሁለተኛ፣ ባለሙያ የሰጣትን ቀጠሮም ሆነ መድኃኒት አታቋርጡባት። የንስሐ አባታችሁን ቀድመው ቢያማክሯቸው ለብዙ ቤተሰብ እንደ ጠቀመ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ባለሙያው እርዳታ ልምጣ። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተቀናጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ፤ ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ቦታ ስለሚገኙ ልጅ ታሪኩን በየቢሮው እየዞረ እንዳይደግመው ታስቦ የተቋቋመ ነው። በክልል ከተሞችም ተመሳሳይ ማዕከላት ተከፍተዋል። ሕክምና የተደረገላት ሌላ ቦታ ቢሆንም እንኳ ለምክር አገልግሎት ወደዚያ እንድትላኩ መጠየቅ ትችላላችሁ። የምክር አገልግሎት ሲባል ልጅን ወንበር ላይ አስቀምጦ መምከር አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ባለሙያው ከልጅቱ ጋር ይስላል፣ ይጫወታል፣ ፍርሃት ሲመጣ እንዴት እንደምትተነፍስና ሰውነቷን እንደምታላላ ያስተምራታል፤ ስሜቶቿን በስማቸው መጥራት ትለምዳለች። ታሪኩን በጥቂት በጥቂቱ፣ በስዕልም ሆነ በቃል፣ በራሷ ፍጥነት የምትናገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በመጨረሻም ለእርስዎ ታሰማዎታለች። ለዚህ ዓይነት ጉዳት የታወቀው ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ሳምንታዊ ቀጠሮ ይወስዳል፤ ወላጅም የራሱ ሰዓት አለው። ባለሙያ ጥቂት በሆነበት አገር ይህ እንዴት ይቻላል ለሚል ሰው፣ በዛምቢያ በሉሳካ ከተማ የሥነ ልቦና ዲግሪ የሌላቸው፣ ነገር ግን በሚገባ የሠለጠኑና የቅርብ ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች ይህንኑ ሕክምና ለልጆች ሰጥተው የልጆቹ ሕመም በጉልህ እንደ ቀነሰ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ነገሩ የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም።

ልመናም አይደለም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 39 ጥቃት የደረሰበት ልጅ በአካልም በሥነ ልቦናም እንዲያገግም፣ ወደ ማኅበራዊ ሕይወቱም እንዲመለስ ማድረግ የመንግሥት ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። እርስዎ የሚጠይቁት የልጅዎን መብት ነው።

ጉዳዩ ችሎት ሲቀርብ ልጅዎ ሰውየውን በዓይኗ እያየች እንድትመሰክር አትገደድም። በልደታ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት ምቹ የሆነ ችሎት አለ፤ ልጁ በሌላ ክፍል ይቀመጣል፣ ዳኛው በካሜራ ያዩታል፣ የሠለጠነ ባለሙያ ጥያቄውን በጆሮ ማዳመጫ ሰምቶ ለልጅ በሚገባ ቋንቋ ይጠይቀዋል። ዐቃቤ ሕጉን አስቀድመው አነጋግረው ክፍሉን ከምስክርነቱ ቀን በፊት እንድታየው ይጠይቁ። ከምስክርነት ቀን በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት ሽንቱና ቅዠቱ ሊያገረሽ ይችላል፤ ወደ ኋላ ተመለሰች ብለው አይደንግጡ።

ስለ እርስዎ ስለ ራስዎ አንድ ነገር ሳልጽፍ ይህን መልስ መዝጋት አልችልም። ልጅ የእናቱን ፊት እንደ ሰማይ ያነባል፤ እናት ካልተኛች ልጅም አይተኛም። እርስዎም የተጎዱ ሰው ነዎት። በባለቤትዎ ወገኖችና በልጅዎ መካከል ቆመዋል፣ «በቤቴ አስቀምጬ» እያሉ ራስዎን ይከሳሉ። ማልቀስ ሲመጣ ያልቅሱ፤ ነገር ግን ዕንባዎን የምታብሰው ልጅቱ አትሁን። ምስጢር የምትጠብቅ አንዲት እህት ወይም ጓደኛ ይምረጡ፤ በማዕከሉም ለእርስዎ የተለየ ቀጠሮ ይጠይቁ። ባለቤትዎም እንዲመጣ ያድርጉ፤ የገዛ ወገኑ የበደለው አባት ኀፍረቱንና ቁጣውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ካጣ ቤቱን ይጨንቀዋል።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ወንድ ልጄ በሰፈር በሚያውቀው ጎልማሳ ጥቃት እንደ ደረሰበት ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰማሁ። «ወንድ ነህ፣ ቻለው፣ ለማንም አትናገር» አልሁት። ከዚያ ወዲህ ኳስ መጫወት ትቷል፣ ከሰው ጋር ይጣላል፣ አያየኝም። ሐኪም ቤት ብወስደው ጊዜው ያለፈ መሰለኝ። ደግሞ ሲያድግ እንደዚያ ሰው ይሆን ይሆን ብዬ እፈራለሁ። (አንድ አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅዎ የማያይዎ ስለ ጠላዎ አይደለም፤ እርስዎ የሚፈልጉትን ዓይነት ወንድ ሆኜ አልተገኘሁም ብሎ ስለሚያስብ ነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ያደገ ልጅ ላይ ይህ ሲደርስበት ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ አንዱ ጥቃቱ ነው፣ ሌላው መከላከል ነበረብኝ የሚለው ነው። የ13 ዓመት ልጅ ጎልማሳን መከላከል አይችልም፤ ድንጋጤ ሰውነትን አስሮ እንደሚያስቀርም ይንገሩት። ዛሬውኑ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ ምናልባትም ጎን ለጎን እየሄዳችሁ፣ «ያን ቀን ያልሁህ ልክ አልነበረም። ደንግጬ ነው። አንተ አላጠፋህም፤ እኔም አላፍርብህም» ይበሉት። መልስ ባይሰጥዎ አይጨነቁ። ሰምቶታል።

የሚፈሩት ነገር እውነት አይደለም። ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች አብዛኞቹ አድገው ማንንም አይበድሉም፤ ይህን ፍርሃት በዓይንዎ ካነበበው ግን ከጥቃቱ የማይተናነስ ጉዳት ያደርስበታል። ሕጉ ወንዶች ልጆችንም ይጠብቃል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 631 ለዚሁ የተጻፈ ነው፤ ያ ጎልማሳ በሰፈሩ ሌሎች ልጆችንም እንደሚያገኝ እያሰቡ ለፖሊስ ያመልክቱ።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ጊዜው አላለፈም። ኤችአይቪን የሚከላከለው ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ ያ አምልጧል፤ ይህን የምጽፈው ሌላ ወላጅ ቀኑ ሳያልፍ እንዲሮጥ፣ ልጁንም ሳያጥብ፣ ልብሱን በወረቀት ጠቅልሎ እንዲወስድ ነው። የልጅዎን ደም መመርመር፣ ከጥቂት ወራት በኋላ መድገም፣ የጉበት በሽታ ክትባት መስጠትና የሥነ ልቦና ባለሙያ ማግኘት ግን አሁንም የሚደረግ ነው። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ካወጣ፣ ራሱን ከጎዳ ወይም መብላትና መተኛት ጨርሶ ከተወ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል በዚያው ቀን ይውሰዱት፤ ብቻውንም አይተዉት።

ጥያቄ፦ የምሠራው በሰው ቤት በዐረብ አገር ነው። የ11 ዓመት ልጄ ወሎ ከእናቴ ጋር ናት። ጥቃት እንደ ደረሰባት ከአክስቷ ሰማሁ፤ እናቴ ግን በስልክ «ምንም የለም፣ አርፈሽ ሥሪ» ትለኛለች። ልመለስ ወይስ ምን ላድርግ? (አንዲት እናት)

መልስ፦ እኅቴ፣ ርቀሽ ሳለሽ ልጅሽ ተበድላ መስማት እንዴት እንደሚያቃጥል አውቃለሁና አላደክምሽም። እናትሽን በስልክ አትውቀሻት፤ አረጋዊት ሴት ዝም የምትለው ብዙ ጊዜ ስለምትፈራ ነው፤ ዝምታዋ እንዳይበረታ «እማዬ፣ አንቺ ጥፋት የለብሽም፤ ልጄን አብረን እናድናት» በያት። በአካል የሚቆምላት አንድ ሰው ያስፈልጋልና አክስትየዋን አሁኑኑ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ከልጅሽ ጋር እንድትሄድ አድርጊ፤ የበደለው ሰው በዚያው ግቢ ወይም መንደር ካለ ልጅቱ የምታድርበት ቤት በዚያው ዕለት ይለወጥ።

ልጅሽን በስልክ ምን እንደ ደረሰባት አትጠይቂያት፤ ማን ከጎኗ ቆሞ እንደሚሰማ አታውቂም። ድምፅዋ ተቀድቶ በቴሌግራም አይላክልሽ፤ ፎቶዋም ታሪኳም በፌስቡክና በቲክቶክ አይውጣ፤ ለፍትሕ ብሎ የሚያወጣው ሰው እንኳ ከዓመታት በኋላ ልጅቱ ራሷ የምታገኘውን ነገር ይተዋል። የምትችዪው ነገር ትልቅ ነው፤ በሳምንት በተወሰነ ቀንና ሰዓት ፊትሽን እያሳየሽ ደውይላት፣ ቀኑን አታስተጓጉዪ፣ ስለ ትምህርቷና ስለ ጓደኞቿ አውሪ፣ ስትጨርሺ «አምንሻለሁ፤ በምንም ነገር አልተቀየምሁሽም» በያት። ስለ መመለስሽ እኔ ልወስንልሽ አልችልም፤ የምለው፣ የምትወዳትና የምታምናት ጎልማሳ ሰው በአጠገቧ ከሌለ መመለስሽ ከምትልኪው ገንዘብ ይበልጣል፤ ካለች ግን ውልሽን ጨርሰሽ መምጣት ልጅሽን መተው አይደለም። የምትመጪበትን ቀን እርግጠኛ ሳትሆኚ አትንገሪያት።

ጥያቄ፦ የአምስተኛ ክፍል መምህር ነኝ። አንዲት ተማሪዬ ይህን የመሰለ ነገር እንደ ደረሰባት ነገረችኝ፤ «ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ። እሺ አልኋት። አሁን ጨነቀኝ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መምህር፣ ያንን «እሺ» መልሰው ይውሰዱት፤ ነገር ግን በሐቅ ይውሰዱት። «ለጓደኞችሽም ለሌሎች መምህራንም አልናገርም፤ ነገር ግን ይህ እንዲቆም ሊያደርጉ ለሚችሉ ሰዎች መናገር አለብኝ፤ ማን ማን እንደ ሆኑ እነግርሻለሁ» ይበሏት። ሳይነግሯት ፖሊስ ክፍል ውስጥ ቢገባ ዳግመኛ ለማንም አትናገርም። እርሷ ያለችውን በራሷ ቃል፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር፣ በዚያው ዕለት ይጻፉት፤ አይመርምሯት። ለርእሰ መምህሩ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የተጠረጠረው የትምህርት ቤቱ ሰው ከሆነ ግን በቀጥታ ለፖሊስና ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ቤተሰቧ ውስጥ የተጠረጠረ ሰው ካለም ወላጅ አስጠርተው አይንገሩ።

በክፍል ውስጥ ልዩ አያድርጓት። በር አጠገብ፣ ጀርባዋ ወደ ግድግዳ ሆኖ ያስቀምጧት፤ ለመውጣት ፈቃድ ሳትጠይቅ የምታሳይዎ ምልክት ይስማሙ። ከኋላዋ መጥተው ትከሻዋን አይንኩ። ትምህርት ብትረሳ፣ ሐሳቧ ቢሄድ አይገሥጿት፤ ዱላማ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ለማንም ተማሪ የተከለከለ ነው፤ በእርሷ ፊት ሌላ ልጅ መምታትም እርሷን መምታት ነው። እርስዎ የማይገቡበት ቀን ካለ አስቀድመው ይንገሯት፤ ማን እንደሚተካዎም ጭምር።